የአራብሳ ጆሮ

«ለብሎካችን ነዋሪዎች በሙሉ። በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቃጥሎ የቆየው አምፖል በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት በአዲስ የተተካ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበስራለን።»

ማስታወቂያው መግቢያው በር ላይ ተለጥፎ፣ ከግርጌው ማኅተም ተመትቶበት ነበር። የለጠፉት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ቢተው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከወጡ ወዲህ የሚያበስሩት ነገር ቢያጥራቸው የተገኘውን ያበስራሉ። እኛም ወጥተን አምፖሉን ቆመን አየነው። ይበራል።

ጣጣው የመጣው ከመብራቱ በኋላ ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃው ጨለማ በነበረበት ጊዜ ሰው ግድግዳውን እየዳሰሰ ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። አሁን የብሎኩ ልጆች ስልካቸውን ይዘው አምፖሉ ሥር መቆም ጀመሩ። ቤት ውስጥ «ስልኩን አስቀምጥ» የሚል እናት አለ፤ ደረጃው ላይ የለም። በዚያ ላይ ከሦስተኛው ፎቅ የደረጃ መስኮት ወደ ታች ሲያዩ የግቢው በር ወለል ብሎ ይታያል። ማን ገባ፣ ከማን ጋር ገባ፣ በምን ገባ።

«የአራብሳ ጆሮ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል አለ። ማን እንደከፈተው የሚያውቅ የለም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ወሬ ያለው ሰው ቦት ለሚሉት ነገር ይልካል፣ ወሬው የላኪው ስም ሳይታይ ቻናሉ ላይ ይወጣል። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ የማን ጫማ ፌክ ነው፣ ማን በፈተና ሰዓት ምን ሲያደርግ ተያዘ። ልጆቹ አድሚኑን «ጆሮው» ይሉታል። ጆሮው የላኩለትን ሁሉ ይለጥፋል። ሲያጣራ ታይቶ አይታወቅም።

አምፖሉ ከተተካ ብዙም ሳይቆይ አንድ ፎቶ ወጣ። አመሻሽ ላይ የተነሣ ነው። ግቢው በር ላይ አንዲት ነጭ ቪትዝ ቆማለች፤ ከፊተኛው በር የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ እየወረደች ነው። ከሹፌሩ የሚታየው ክንዱ ብቻ ነው። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሉዋም ሳይለንት ናት ስንል ለካ ጋቢና ይዛ ቦሌን ትዞራለች። ሰውዬውን የምታውቁ ላኩልን።» ከዚያ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል።

ሉዋም የአቶ ዘርአጽዮን ልጅ ናት፤ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። አባቷ አያት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ እናቷ ወይዘሮ ኣምለሰት ባንክ ይሠራሉ። እሷ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሒሳብ ማጠናከሪያ ትማራለች። የዚያን ቀን የታክሲው ሰልፍ አላልቅ ሲል ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ሒሳብ ተጋርተው አንድ መኪና ያዙ። ሌሎቹ አያት ወረዱ፣ እሷን ሹፌሩ በር ድረስ አደረሳት። ነገሩ ይኸው ነው።

ጋቢና የተቀመጠችበት ምክንያትም አለ። ከኋላ ከተቀመጠች ያስመልሳታል። ይህን ደግሞ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል፤ ባለፈው ዓመት አውቶቡስ ተከራይተን ለንግሥ ስንሄድ የወይዘሮ የሺመቤት አዲስ ነጠላ ምስክር ሆኗል። ስንመለስ «ይቺ ልጅ ሁለተኛ ከኋላ እንዳትቀመጥ፣ ጋቢና አስገቧት» ብለው የፈረዱት ራሳቸው ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ፎቶው ሲወጣ ግን ይህን ያስታወሰ ሰው አልተገኘም። እሳቸውም ነጠላውን ረሱት።

በማግስቱ ሉዋም ክፍል ስትገባ አንዱ ከወደ ኋላ፣ ልክ እንደ ተሳፋሪ፣ «ጋቢና ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ጋቢና ሆነ። ፎቶዋን ቆርጠው ስቲከር ሠሩበት። አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ መኪና ተስሎ ተገኘ። መምህሩ ማን እንደሳለው አልጠየቁም፣ ለምን እንደተሳለም አልጠየቁም፤ ቻናሉን አያውቁትማ። ሲያጠፉት ግን ፈገግ ብለዋል።

የእኛም ብሎክ እንዲሁ ነው። ቻናሉን የሚያይ አንድም ሰው የለም። የታችኛው ፎቅ ሰው አላየውም፤ ሆኖም የመኪናዋን ቀለም ያውቃል። ሁለተኛው ፎቅ ቴሌግራም ከስልኩ ላይ ካጠፋ ቆይቷል፤ ሆኖም ሹፌሩ ክንዱ ላይ ሰዓት ማሰሩን ሰምቷል። ማን እንደነገራቸው ሲጠየቁ «ሰው» ይላሉ። ያ ሰው የሚባለው ግለሰብ በዚያ ሰሞን ያልገባበት ቤት አልነበረም።

ቀስ እያለ ደግሞ አንድ ነገር ይቆረቁረን ጀመር። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ነው የተነሣው። ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ካልሆነ በቀር ያንን በር እንደዚያ አድርጎ የሚያሳይ ቦታ የለም። ስለዚህ ያነሣው ከኛው ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ ደረጃው ላይ ሰላምታ አጠረ። ሰው ስልኩን ወደ ጆሮው ባነሣ ቁጥር ሌላው ፊቱን አዞረ። ወይዘሮ የሺመቤት ልብሳቸውን ሲያሰጡ ወደ መስኮቱ እያዩ ሆነ። አብዛኛው ሰው የጠረጠረው የወይዘሮ እንቁን ልጅ ቢሩክን ነው፤ ምክንያቱም አምፖሉ ሥር ከሁሉ ይበልጥ የሚቆመው እሱ ነው። ቢሩክ መጠርጠሩን ሲሰማ አምፖሉ ሥር መቆም ተወ። ያን ጊዜ ጥርጣሬው ጸና።

ከፊሉ ደግሞ ረሆቦትን ጠረጠረ። ረሆቦት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የሉዋም የልብ ጓደኛ ናት፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ነው የሄዱት። ፎቶው ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቀድማ ትወጣለች። አንድ ቀን ሉዋም ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«ለምንድን ነው የምትሸሺኝ?»

«ማን ሸሸሽ? ቸኩዬ ነው እኮ።»

«አይተሽዋል?»

«ምኑን?»

«ረሆቦት።»

«እኔ ቻናሉ ውስጥ የለሁም፣ ሙች። ግን በቃ ኮመንቶቹ ላይ የኔንም ስም አስገብተውታል፣ ጋቢና ሁለት ምናምን እያሉ...» ብላ አቆመች። የሌለችበት ቻናል ኮመንት ምን እንደሚል ማወቋ ለራሷም የታወቃት ያኔ ይመስላል። ቦርሳዋን አስተካክላ ወረደች።

የአቶ ዘርአጽዮን ቤት ጉዳይ ግን ከሰላምታ የባሰ ነበር። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ እንደሚታወቀው ምስጢር አይችልም፤ እዚያ ቤት ድምፅ ከፍ ሲል የአራተኛ ፎቅ ቴሌቪዥኖች በሙሉ ዝቅ ይላሉ። አቶ ዘርአጽዮን ልጃቸውን መቀሌ ወደ እኅታቸው ሊልኳት ወስነዋል። ለሰኞ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠዋል። ብሔራዊ ፈተናው ደርሷል፤ የተመዘገበችው እዚህ ነው። አሁን ከሄደች ዘንድሮን አትፈተንም ማለት ነው። ይህን ወይዘሮ ኣምለሰት እያለቀሱ ነግረዋቸዋል፣ ሉዋምም ነግራቸዋለች። እሳቸው «ስም ከፈተና ይበልጣል» አሉ።

ዓርብ ዕለት የሰማነው እንዲህ ነበር።

«ውሸት ነው እኮ አባዬ» አለች ሉዋም።

«ወሬ ከመሬት አይበቅልም፣ ጓለይ።»

«እዚያ ላይ ይበቅላል። የላክህለትን ሁሉ ነው የሚለጥፈው። ማንም አያጣራም።»

«እኔ እዚያ ምን እንዳለ አላውቅም። አላየሁትም። ሰው ነው የነገረኝ።»

«ማን?»

አቶ ዘርአጽዮን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሳይለንት ናት ስንል እየተባለ በልጄ ሲሳቅ ዝም ልበል? ከባዶ ተነሥቶ እንደሚጽፍ አሳዪኝ። አንድ ነገር፣ ፍጹም ከባዶ። አሳዪኝና ትቀሪያለሽ፣ ቲኬቱን ራሴ እመልሳለሁ። እስከዚያው ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ሻንጣ ሲጎተት ተሰማ። እኛም ቴሌቪዥናችንን ከፍ አደረግን።

አቶ ዘርአጽዮን በዚያው አላበቁም። ፎቶውን ያነሣው ከብሎኩ ሰው ነውና ነዋሪው ይሰብሰብልኝ ብለው ኮሚቴውን ጠየቁ። አቶ ቢተው ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋራ መጠቀሚያው አዳራሽ አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። ፕላስቲክ ወንበር ሞላ። ልጆችም እንዲገኙ ስለተባለ ቢሩክ ከእናቱ፣ ረሆቦት ከእናቷ ጎን ተቀመጡ። አቶ ቢተው መጀመሪያ ስልክ ሁሉ ድምፁ እንዲጠፋ አዘዙ። ቀጥለው ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅምና ጉዳት ረዘም ያለ መግቢያ አደረጉ። ከዚያ መድረኩን ለአቶ ዘርአጽዮን ሰጡ።

እሳቸው ተነሥተው ብዙ አልተናገሩም። «ልጄን የምታውቁ ናችሁ። ያንን ነገር ያየ ሰው ካለ፣ አይቶም ውሸት ነው የሚል ካለ፣ ፊት ለፊቴ ይበል። እውነት ነው የሚልም ካለ ይበል። አንድ ሰው።»

አንድ ሰው መናገር የሚችለው አይቻለሁ ብሎ ሲጀምር ነው። ሁሉም ሌላውን ጠበቀ።

በመጨረሻ ወይዘሮ እንቁ የልጃቸው ስልክ ለትምህርት ብቻ የተገዛ መሆኑን ተናገሩ። ቢሩክ ራሱን ነቀነቀ። የረሆቦት እናት እኛ ቤት ዋይፋይ የለም አሉ። ወይዘሮ የሺመቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ቆሻሻ በስልካቸው እንደማያስገቡ ምለው፣ «ግን እኮ ያቺ ነጭ መኪና ናት ነገር ያመጣችው» ሲሉ ጨመሩ።

«መኪናዋ ነጭ መሆኗን ማን ነገረዎት?» አሉ አቶ ዘርአጽዮን።

«ሰው ነዋ።»

አቶ ቢተው ጉዳዩን ጠቅለል ሲያደርጉት፣ ቻናሉን ያየ ነዋሪ አለመኖሩ በጉባኤው ስለተረጋገጠ ከብሎኩ የወጣ ጥፋት የለም ወደሚል ድምዳሜ አዘነበሉ። አቶ ዘርአጽዮን ከሸሚዛቸው ኪስ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ አውጥተው ለሁሉም አሳዩ። «እኔም የምይዘው ይቺን ነው። ከመደወልና ጥሪ ከመቀበል በቀር አታውቅም። እኔስ በምን አየሁት ይባላል?» አሉ። ቀጥለውም፣ አይቻለሁ የሚል ሰው ካልተገኘ ልጃቸው ሰኞ እንደምትሄድ ተናገሩ። ሰው መሬት መሬቱን አየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሉዋም አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ሰው ስለ እኔ ሲመክር ቁጭ ብዬ አልሰማም ብላ ውጭ ቀርታለች። በመስኮቱ በኩል ትታየን ነበር፤ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ያለችው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ወይዘሮ የሺመቤት በክርናቸው ጎሰም አድርገውን፣ «አሁንም አልተወችውም» አሉ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ኪሱም ቦርሳውም ባንድ አፍታ ነዘረ። ድምፅ የለውም፤ ግን ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ስልክ ሲነዝር የተነካ ቀፎ ይመስላል። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አንዱ «ጄኔሬተር ነው መሰለኝ» አለ። ማንም አልተቃወመውም።

አቶ ቢተው ንግግራቸውን ሲቀጥሉ እጆች አንድ በአንድ ወደ ኪስ ገቡ። ነጠላ ሥር ብርሃን በራ። እኛም ከወንበሩ ሥር አየነው። «የአራብሳ ጆሮ» የብሎካችንን ቁጥር ጠርቶ፣ «ታች ግቢ ያለው ቧንቧ ውኃ ለቋል። ቶሎ በሉ፣ ይሄዳል» ይላል።

ውኃ እኛ ዘንድ በተራ ነው የሚመጣው፤ ተራውን ደግሞ እሱ ራሱ ነው የሚያውቀው። ሲመጣም ፎቅ የመውጣት አቅም የለውም። ጀሪካን ይዞ ወደ ግቢው ቧንቧ የቀደመ ይቀዳል፣ የዘገየ በታሸገ ውኃ ፊቱን እየታጠበ የሚቀጥለውን ተራ ይጠብቃል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ጠብ አላለም።

መጀመሪያ የተነሡት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ሽሮ ጥደው መምጣታቸው ትዝ አላቸው። ቢሩክ ለእናቱ በጆሯቸው አንድ ነገር ብሏቸው ወጣ፤ እናቱም ልጁ ብቻውን እንዳይሆን ተከተሉት። የረሆቦት እናት ሆዴን ቆረጠኝ አሉ፣ ረሆቦት ደግፋቸው ሄደች። አንዱ ስልክ ተደወለለት፤ ስልኩን ግን ከኪሱ አላወጣም፣ በባዶ እጁ ጆሮውን ይዞ ወጣ። ውኃ የሚለውን ቃል የተነፈሰ አንድም ሰው የለም። መተንፈስማ ከየት ሰማህ ማስባል ነው።

አቶ ቢተው የቀሩትን ወንበሮች ቃኙና ወረቀታቸውን አጠፉ። «ጉባኤው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለአጭር ጊዜ ተቋርጧል» ብለው፣ ለዕድሜያቸው በማይመጥን እርምጃ ወጡ።

እኛ በሩ ላይ ደርሰን ዞር ስንል አቶ ዘርአጽዮን ባዶ ወንበሮች መካከል ብቻቸውን ቆመዋል። የነገራቸው ሰው የለም። ሁሉም የሄደ ሲመስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ ሌላ ስልክ አወጡ። ቁልፍ የሌለው ነው። በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርገው አነበቡ። መልሰው ከተቱት።

ቧንቧው ጋ አንደኛ የደረሰው ቢሩክ ነው፤ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዟል። ከሰልፉ አንዱ፣ ይሄ ልጅ ለጆሮው ወሬ የሚልክ ቢሆን ኖሮ የጆሮውን ወሬ አምኖ ባልሮጠ ነበር ብሎ አሰበ፤ ለጎረቤቱ ግን አልነገረውም፣ ምክንያቱም ራሱም ሮጦ ነው የመጣው። ከቢሩክ ቀጥሎ ወይዘሮ የሺመቤት ቆሙ። ሽሮአቸውን ሳይሆን ባልዲያቸውን ይዘዋል። የረሆቦት እናት የሆድ ቁርጠታቸው ለቋቸው ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ረሆቦት ከኋላቸው ሆና ሉዋምን ላለማየት ክዳን ታጠብቃለች። አቶ ቢተው ስማቸው የተጻፈበትን ጀሪካን አስቀምጠው ሰልፉን ሥርዓት ለማስያዝ ሞከሩ።

ሉዋም ከሲሚንቶው ጠርዝ አልተነሣችም። አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ምን ነው ሁላችሁም ወረዳችሁ?» አለች።

«እንዲያው ነው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

«ማን ነገራችሁ?»

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ አፋችን ላይ ነበር። «ሰው» ለማለት ግን ሰዎቹ በሙሉ እዚያው ቆመዋል፤ እርስ በርሳችን ተያየን። ቢሩክ ጀሪካኑን በእግሩ ወደ ቧንቧው ገፋ አደረገው።

በደረጃው በኩል ኮቴ ተሰማ። አቶ ዘርአጽዮን ትልቅ ሰማያዊ ባልዲ ይዘው እየተጣደፉ ወረዱ። ሰልፉን እንጂ ከሰልፉ ፊት የተቀመጠውን አላዩም። መጨረሻ ላይ ቦታ ያዙ።

ሉዋም ተነሥታ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። አየር ወጣ። ቧንቧው አንዴ አስሎ ዝም አለ። የቢሩክ ጀሪካን ውስጥ የገባ ጠብታ የለም።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች፣ ሰልፉን አልፋ ወደ መጨረሻው ሰው እያየች። «ከባዶ ነው፣ አባዬ።»

አቶ ዘርአጽዮን ባልዲውን ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ሊደብቁት ሞከሩ። ባልዲው ግን ትልቅ ነበር።